ለአደንጓሬ አጣና ይሻለዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጓሮ አትክልት የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ስለ ዘር፣ ስለ ፍግ፣ ስለ ውሃ ብዙ ብላችኋል። ሽቅብ ለሚወጣው ተክል ግን ድጋፍ እንዴት እንደሚሠራለት አንድም ቀን ሲወጣ አላየሁም። እኔ ይሄን ባለማወቄ የአንድ ክረምት አደንጓሬ አጥቻለሁ።

ቤቴ ደሴ፣ ሆጤ ነው። አምና ሰኔ ላይ አደንጓሬ ዘራሁና አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ የቱቦላሬ ድጋፍ አሠራሁ። ቀለም ተቀብቶ ሲመጣ ያምር ነበር። ሐረጉ ግን ልሙጡን ብረት መያዝ አቃተው፤ ትንሽ ይጠመጠምና ተንሸራቶ እዚያው ሥሩ ላይ ይከመራል። እኔም ብረቱን የቀበርኩት አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ ከጦሳ በኩል የመጣ ንፋስ ከነተክሉ ገነደሰው። ጠዋት ስወጣ አበባው ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። አንጀቴ ነው ያረረው።

ጎረቤቴ እማማ አይተው «ልጄ፣ ብረት ምን ያደርግለታል? አጣና ስጠው» አሉኝ። ዘንድሮ ከሰኞ ገበያ ቀጫጭን የባህር ዛፍ አጣና ገዛሁ። ሦስት ሦስቱን አናታቸውን እንደ ጎጆ ጫፍ አገናኝቼ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩ። ቁመታቸው 2.5 ሜትር ነው፣ ግማሽ ሜትሩ አፈር ውስጥ ገብቷል። ልጡን አልላጥኩትም፣ ሐረጉ ሻካራ ነው የሚወደው። የተከልኩትም ዘሩን ሳልዘራ ነው፣ በኋላ ከሆነ ሥሩን ይበጥሳል። በእጃችሁ ልትጠመጥሙለት ካሰባችሁ ደግሞ ከላይ ስታዩት በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ በግልባጩ ብታዞሩት ተፈትቶ ይመለሳል። የዘንድሮው ንፋስ አልነቀነቀውም። ሐረጉ አጣናውን ጨርሶ አሁን አየር ላይ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

አተር ሌላ ነው። የሚይዘው እንደ ክር በቀጠነች እጁ ስለሆነ ወፍራም እንጨት መጨበጥ አይችልም። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፣ ያቺ ክር ጭራሮ ስትነካ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትጠቀለልበታለች። ቅርንጫፍ የበዛበት ጭራሮ ሰካ ሰካ ማድረግ ይበቃዋል።

ቲማቲም ደግሞ ራሱን ችሎ አይጠመጠምም፣ መታሰር አለበት። እህቴ ኮምቦልቻ ነው ያለችው፤ እዚያ ሞቅ ስለሚል ከእኛ ይልቅ ለቲማቲም ይስማማል። በሲባጎ አጥብቃ አስራ ግንዱን ቆርጦባት ነበር። አሁን ከአሮጌ ነጠላ በቀደደችው ጨርቅ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ አድርጋ ታስረዋለች፣ አንዱ ቀለበት ለግንዱ፣ አንዱ ለእንጨቱ። ቅጠሉ መሬት ስለማይነካ የዝናቡ ጭቃ ብዙም አይረጨውም፣ የቅጠሉ በሽታም ቀንሶላታል።

እባካችሁ ለከርሞ ግንቦት ላይ፣ ሰው መዝራት ሳይጀምር፣ ይሄን በሥዕል አድርጋችሁ አውጡልን። ሰፈራችን ውስጥ አሁንም ለድጋፍ ብየዳ ቤት የሚሄደው ብዙ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ