ከኒው ዮርክ ለአባቴ፦ ለውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው ስለ ተጠየቀ የከንቲባ ይቅርታ

የካቲት 27 ቀን 2012 ዓ.ም.
ብሮንክስ፣ ኒው ዮርክ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እማማስ፣ እህቶቼስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ እንደምን አሉ? ሁዳዴው ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነውና ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ አደራ እላለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ በሬዲዮ የሰሙትን፣ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት የአሜሪካ ዴሞክራቶች ማይክል ብሉምበርግን የወቀሱበትን ክርክር አንሥተው «የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆነው ሳለ የገዛ ባልንጀራቸውን ገመና በአደባባይ የሚዘከዝኩት ምን ቢሆኑ ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥዎት ስልኩ ተቋረጠ። ጥያቄዎ ግን ሳምንቱን ሙሉ ታክሲዬን ሳሽከረክር ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ አረጋግቼ በጽሑፍ ልመልስልዎት ተቀመጥሁ።

እኛ አገር «ግምገማ» የምንለው ነገር በዝግ አዳራሽ ይካሄዳል፤ ሕዝቡ የሚሰማው ማን እንደ ወረደና ማን እንደ ተሾመ ብቻ ነው። እዚህ ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ሰው የሚመርጠው በአብዛኛው በየክፍለ ግዛቱ ያለው ተራ መራጭ፣ ማለትም እኔን የመሰለው ስለሆነ፣ ግምገማው በቴሌቪዥን ፊት ይደረጋል። ፕራይመሪ የሚሉት ይህን ነው። ተወዳዳሪው ትናንት በሹመቱ ላይ ሳለ ምን እንደ ሠራ ዛሬ ካልተጠየቀ፣ በኅዳሩ ምርጫ የሌላው ፓርቲ ሰው ያንኑ አንሥቶ እንደሚጥለው የፓርቲው ሰዎች ያውቃሉ።

እርስዎ የሰሙት ክርክር፣ የካቲት 11 ቀን በላስ ቬጋስ የተደረገው፣ በዋናነት በአንድ ተወዳዳሪ ላይ፣ በብሉምበርግ ላይ፣ ያተኮረ ነበር። ማይክል ብሉምበርግ ከ2002 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የዚህች የኒው ዮርክ ከንቲባ ነበር፤ እኔ በዲቪ የመጣሁት በ2003 ስለሆነ፣ አሜሪካን ያወቅኋት በእርሱ አስተዳደር ነው ማለት ይቻላል። ሐሰት እንዳልናገር፣ ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል። ከመጠጥ ቤቶች ሲጋራ እንዲወጣ አድርጓል፤ ማንኛውም ሰው 311 ብሎ ደውሎ ለከተማው አቤቱታ የሚያቀርብበትን መስመር ዘርግቷል፤ ግድያም በእርሱ ዘመን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሕጉ ከንቲባን በሁለት የሥልጣን ዘመን ይገድብ ስለ ነበር፣ በ2008 የከተማውን ምክር ቤት በ29 ለ22 ድምፅ አስወስኖ ለሦስተኛ ጊዜ ተወዳደረ። ይህን ሲያነቡ «ይሄ ነገር እዚያም አለ እንዴ?» ብለው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ዜግነት ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነበርና፣ በ2009 በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስሰጥ የሰጠሁት ለእርሱ ነው። ያሸነፈው ከአምስት ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነበር።

በክርክሩ ከተወቀሰባቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ «ስቶፕ ኤንድ ፍሪስክ» የተባለው፣ ፖሊስ መንገደኛን አስቁሞ የሚፈትሽበት አሠራር ነው። አሠራሩን የጀመረው እርሱ አይደለም፤ ያገነነው ግን እርሱ ነው። ሥልጣን በያዘበት ዓመት 97 ሺህ ገደማ የነበረው ቁጥር በ2011 ወደ 685,724 አሻቀበ። ፖሊሱ ሰውየውን ለምን እንዳስቆመው ቅጽ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከተዘረዘሩትም ምክንያቶች አንዱ «የሚያጠራጥር እንቅስቃሴ» የሚል ስለሆነ፣ እጁን ኪሱ የከተተ ልጅ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ጉዳዩን ያየችው የፌዴራል ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን በነሐሴ 2013 እ.ኤ.አ. በሰጠችው ፍርድ ላይ እንደ ተዘረዘረው፣ ከ2004 እስከ 2012 አጋማሽ ድረስ ሰው 4.4 ሚሊዮን ጊዜ እንዲቆም ተደርጓል፤ ከዚህ ውስጥ 88 በመቶው ያለ ክስና ያለ እስራት በባዶ የተለቀቀ ነው። ከተፈተሹትም መሣሪያ የተገኘው ከመቶ በአንድ ተኩል ላይ ብቻ ነው። ከቆሙት 52 በመቶው ጥቁሮች፣ 31 በመቶው ላቲኖዎች ሲሆኑ፣ በከተማው ሕዝብ ውስጥ የጥቁሮች ድርሻ 23 በመቶ ገደማ ነበር። ዳኛዋም አሠራሩ በተካሄደበት መንገድ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብላ ፈረደች።

አባቴ፣ እኔ ይህን ቁጥር ከማንበቤ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሌሊት ተሳፋሪ አድርሼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ልጆች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው አይ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እነዳለሁ። ያን ጊዜ ያሰብሁት ከተማው ሰላም ሲሆን ሰዎች በሌሊትም ታክሲ እንደሚይዙ፣ እኔም ለቤት የምልከው እንደማይጎድል ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ስንሰማ ያደግን ብንሆንም፣ ቆሞ ያየው በየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ማንም አልነገረንም።

ከንቲባው ግን አልረሳም፤ ተከራከረ እንጂ። ፍርዱ ከመሰጠቱ አንድ ወር ተኩል ገደማ ቀድሞ በሬዲዮ ቀርቦ፣ ነጮችን ከልክ በላይ እያስቆምን ጥቁርና ላቲኖውን ከሚገባው በታች እያስቆምን ነው እስከ ማለት ደርሷል። ፍርዱ ሲወጣ ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ፤ ወንበሩን ከለቀቀ በኋላም በ2015 አሠራሩን ደግፎ የተናገረበት ቅጂ በዚህ ወር ወጥቶ እንደ ገና ተሰማ። አሠራሩ ሲቀር ከተማው በደም ይታጠባል ተብሎ ነበር። በ2014 ቁጥሩ ወደ 46 ሺህ ገደማ ሲወርድ ግድያው አልጨመረም፤ በ2017 እና በ2018 ጭራሽ ከ300 በታች ወረደ።

እንግዲህ እኔን ያስቆጣኝ የይቅርታው ነገር ነው። ብሉምበርግ ኅዳር 17 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን በሚገኝ ትልቅ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ቆሞ «ተሳስቼ ነበር፣ ይቅርታ» አለ። ፕሬዚዳንት ለመሆን እንደሚወዳደር በይፋ ያስታወቀው ኅዳር 24 ነው፤ በመካከሉ ያለው ሰባት ቀን ብቻ ነው። እርስዎ በሽምግልና ሲቀመጡ፣ በዳዩ ድንጋዩን ተሸክሞ ደጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ላከህ?» ብለው እንደ ነበር ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። በራሱ ፈቃድ የመጣና ማሳው እንዳይወሰድበት ፈርቶ የመጣ አንድ እንዳልሆነ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

በክርክሩ ላይ የነበሩት ተፎካካሪዎቹ የጠየቁት በሌላ ቃል ይህንኑ ነው። እርሱ አሠራሩ ልክ ማለፉን ሲያውቅ 95 በመቶውን እንደ ቀነሰ ተናገረ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሰባት እጥፍ ገደማ ያሳደገው ማን እንደ ሆነ፣ የቀነሰውም ክሱና ፍርድ ቤቱ ካስጨነቁት በኋላ መሆኑን አልተናገረም። ከተፎካካሪዎቹ አንዷ ኤልዛቤት ዋረን፣ ጉዳዩ አሠራሩ በስተኋላ ያመጣው ውጤት ሳይሆን ገና ሲታቀድ የነበረው ዓላማ ነው በማለት የሰጠችው መልስ ለእኔ ትክክል ነው። ስለዚህ አባቴ፣ ገመና የተባለው ነገር የሰውየው የመኝታ ቤት ጉዳይ አይደለም። በሹመት ዘመኑ በሕዝብ ላይ የሠራው ሥራ ስለሆነ በሕዝብ ፊት መነገሩን እንደ ነውር አላየውም።

ሀብቱ የትየለሌ ስለሆነ በሦስት ወር ውስጥ ለማስታወቂያ ብቻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ፤ እኔ ሬዲዮ በከፈትሁ ቁጥር የምሰማው እርሱን ነበር። ባለፈው ማክሰኞ፣ የዓድዋ በዓል በዋለ በማግሥቱ፣ ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአንድ ቀን ድምፅ ሲሰጡ ያሸነፈው በሰላማዊ ውቅያኖስ ባለች አሜሪካን ሳሞአ በምትባል ትንሽ ግዛት ብቻ ነው። ረቡዕ ራሱን አግልሎ ለጆ ባይደን ድጋፉን ሰጠ።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ በመቅረቱ ቅር ብሎኛል። ከተማው እኛ «ሜዳሊየን» የምንለውን የታክሲ ፈቃድ በጨረታ ይሸጥ ነበር፤ በብሉምበርግ ዘመን ዋጋው እየናረ ሄዶ እርሱ ሊወርድ ሲል አንዱ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በስልክ መተግበሪያ የሚጠራው ኡበር መጥቶ ዋጋው ሲወድቅ፣ በብድር የገዙት ስደተኛ ሾፌሮች ዕዳው ላይ ቀሩ። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣውም አስተዳደር ሸጧል። እኔ በቀን ኪራይ ስለምሠራ ተርፌአለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስለ እነዚያ ሾፌሮች አንድ ቃል አልሰማሁም፤ ግምገማው በአደባባይ ቢሆንም የሚነሣው የሁሉም ሰው በደል አይደለም ለማለት ነው።

የእኛ የኒው ዮርክ ተራ ለሚያዝያ 20 ቀን ተቀጥሯል። ያን ቀን በ2009 የመረጥሁትን ሰው ልክድ ወይም ልደግፍ የምችልበት ዕድል የለኝም፣ እርሱ ቀድሞኝ ወጥቷልና። እርስዎን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሰውየው በዚያ ሰባት ቀን ውስጥ ድንጋዩን ተሸክሞ ከደጅዎ ቢቆም፣ ከትከሻው ያወርዱለት ነበር? ከኋላውስ እኔ ቆሜ ባገኙኝ፣ ምን ይሉኝ ነበር? መልስዎን በታናሽ እህቴ እጅ አጽፈው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል፤ በስልክ ከሆነ አሁንም ይቋረጣል።

ለእማማ እጅ እነሣለሁ።

ልጅዎ