ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደብረ ሲና

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉዳዩን በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ሁሉም ደህና ነው፤ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ስለዘጉብኝ፣ እንደ ድሮው በወረቀት ጽፌ በሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። የምታነብልዎ የአክስቴ ልጅ መሆኗን አውቃለሁ፤ እባክሽ እህቴ፣ «ይኼን እለፊው» ቢሉሽም አንድ መስመር ሳትዘዪ አንብቢላቸው።

ከጥምቀት በኋላ፣ አስተርዮ ማርያም ሳትደርስ፣ እርስዎንና ትልቋን ልጄን ይዤ ሦስት ሌሊት ከባሕር አጠገብ አድረን ለመመለስ አስቤአለሁ። የምንሄደው ጅቡቲ አገር፣ ታጁራ ነው። ተርማበር በውርጭ በሚደርቅበት በጥር፣ እዚያ የቀኑ ሙቀት 28 ወይም 29 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለ ክረምቱ ሐሩር ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እንነሣለን። ባቡሩም ነበር፤ ነገር ግን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተቀምጦ መሄድ ለወገብዎ የሚሆን አልመሰለኝም። ያን ዕለት ጅቡቲ ከተማ አድረን፣ ዓርብ ጠዋት ባሕረ ሰላጤውን በመኪና ዞረን ታጁራ እንገባለን። በጀልባ መሻገርም ይቻላል፤ እርስዎ ግን ጎማ የሌለውን ነገር ስለማያምኑ መኪናውን መርጫለሁ። በመንገዳችን ላይ ወደ አሳል ሐይቅ የሚወስድ መገንጠያ አለ፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ ዳርቻው በጨው የነጣ ነው። ልጄ እሱንም፣ በዚህ ወቅት ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡትን ሰው የማይነኩ ግዙፍ ሻርኮችም ማየት ትፈልጋለች። ሁለቱንም ሰርዣለሁ። ዕረፍት ብለን ሄደን ከአንዱ ወደ አንዱ የምንሮጥ ከሆነ፣ እዚሁ መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ ብንውል ይሻለናል። ታጁራ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከኋላዋ የጎዳ ተራሮች፣ ከፊቷ ውኃው፣ መካከሉ ላይ ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች ናቸው። ቅዳሜን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንውላለን። አሰብ ስለበሉት ሲያወሩልን የኖሩት የየመኖች ዓሣ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በርበሬ ተቀብቶ በምድጃ ግድግዳ የሚጠበሰው፣ ጅቡቲም የታወቀ ነው፤ ዓርብ ጾም ስለሆነ ግን ይቆየናል።

«ታጁራ ምን አለኝ? ባይሆን ሐዋሳ ውሰጂኝ» እንደሚሉ አውቃለሁ። «ሐይቅ የተኛ ውኃ ነው፤ ባሕር ግን ሲተነፍስ ያድራል» ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሐዋሳን በራስዎ ቃል ተረትቼልዎታለሁ። የአንኮበር ቅፍለት ከአልዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚደርስባት ወደብ ታጁራ እንደ ነበረችም ከእርስዎ ሰምቻለሁ። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች፣ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የመጣው ፈረንሳዊው ራምቦ፣ አንኮበር የገቡት ከዚያች ከተማ ተነሥተው ነው። ሚሌና ሰርዶ ላይ የለመዱት አፋርኛዎም እዚያ ሥራ ያገኛል፤ እኔና ልጄ እርስዎን አስተርጓሚ ይዘን እንሄዳለን።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው አሰብ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ አሰብ የሚያወጣው የቡሬ ድንበር በር ሲከፈት፣ ትንሹን ልጄን አርግዤ ሆዴ ገፍቶ ስለነበር «ልውለድና እንሄዳለን» አልኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። በእኛ ቤት «በኋላ» የተባለ የአሰብ መንገድ ሁሉ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ አልጽፈውም ያልኩትን ልጻፈው። በ1989 ዓ.ም. «የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካለፍሽ በበጋው አሰብ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ» ብለውኝ ነበር። አለፍኩ። በጥር 1990 ልብሴን በዘንቢል አድርጌ፣ እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኝ፣ ኤንትሬ የጭነት መኪናዎ ከነተሳቢው ደጃችን ላይ እያጓራ ሳለ፣ «ሴት ልጅ ለበረሃ መንገድ አትሆንም፤ አንቺ በሚመጣው በጋ» አሉና ወንድሜን አንሥተው ጋቢና አስገቡት። እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ሚኒስትሪ ያለፍኩት እኔ፣ ባሕር ያየው እሱ። በግንቦት ጦርነቱ ተነሣ፤ የአሰብ መንገድም ተዘጋ። ወንድሜ ያመጣልኝን ዛጎል ወደ ጓሮ ወረወርኩት፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፈልጋ አንሥታ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣው እንደ ነበር ያወቅሁት ከአርባዋ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም ልል ነበር፤ ውሸት ስለሚሆንብኝ ተውኩት። መንገዱ ለልጃገረድ የማይመች እንደ ነበር ዛሬ የሴት ልጅ እናት ሆኜ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ለምን ሳይነግሩኝ እንደ ቆዩ ነው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቴ ሁለት ጊዜ ጅቡቲ ሊልከኝ ሲል ዕድሉን ለሌላ ሰው ለቅቄአለሁ። ወንድሜ አሁን የጉዞውን ገንዘብ ካለበት ልላክልሽ ብሎኛል፤ መልስ አልሰጠሁትም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ እኔ ባልጠይቃትም ታጠናለች። የትንሹ የፊት ጥርስ ወልቋል፤ ያለነው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ጣሪያችን የሰው ወለል ነውና የሚወረውርበት አጥቶ ሲዞር ዋለ። በመጨረሻ «የአያቴ ቤት ጣሪያ ላይ ይወርወርልኝ» ብሎ በጨርቅ ቋጥሮ ሰጥቶኛል፤ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ፤ አደራዎን እንዳይጥሉት። ይህን ሁሉ የማወራው ወደ ዓይንዎ ነገር ላለመድረስ መሆኑ መቼም አልጠፋዎትም።

ባለፈው መስከረም ሐኪሙ እርስዎን ውጭ አስቀምጦ ሲያነጋግረኝ፣ «ምን አለሽ?» ቢሉኝ «ጠብታውን እንዳያቋርጡ አለ» ብዬ ነበር። ይህን ማለቱ እውነት ነው። የዓይን ሞራ ቢሆን በቀዶ ጥገና ይወጣ ነበር፤ የእርስዎ ግን ግላኮማ ስለሆነ፣ የወሰደውን ብርሃን ጠብታም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም፤ የሚቻለው የቀረውን ማቆየት ነው ብሎኛል። በግራው ብዙ አልቀረም። እርስዎ ሳያውቁት ቀርተው እንዳልሆነም ገብቶኛል፤ ባለፈው ስመጣ ደረጃውን በእግርዎ እየዳሰሱ ሲወርዱ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ጠብታውን ለመቆጠብ ቀን እየዘለሉ እንደሚያደርጉትም ሰምቻለሁ፤ ያቺ አንባቢዎ ናት የነገረችኝ፣ አይቆጧት። ሁለት ብልቃጥ አብሬ ልኬያለሁ፤ በየማታው ነው፣ ያለ ዝላይ።

አባባ፣ ጥርን የመረጥኩት ለሙቀቱ ብቻ አልነበረም። የሚመጣው በጋ እንዳይባል ነው።

አሁን የቀረን ፓስፖርቱ ነው። የልደት የምስክር ወረቀትዎን ከወሳኝ ኩነት ያውጡ፤ መታወቂያዎ ጊዜው አልፎ እንደሆነም አብረው ያሳድሱት። ወረቀቱ እንዳለቀ ይደውሉልኝና መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ለአሻራው በአካል መቅረብ ግድ ነው። ጋቢዎ ለደብረ ብርሃን ብርድ ይሆናል፤ ለታጁራ ግን ያን ስስ ነጠላ ይያዙ። እምቢ የሚሉኝ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለው እምቢ ይበሉኝ፤ ዘንቢሌን ካዘጋጀሁ በኋላ እንዳይሆን። የፓስፖርቱን ፎቶግራፍ የሚያነሡት እዚያው አሻራ የሚሰጥበት ስለሆነ ጥቁሩን መነጽር አውልቁ ይሉዎታል፤ ያን ጊዜ እጅዎን እኔ እይዛለሁ።

ልጅዎ