ስድሳ ለእኔ፣ አርባ ለአንቺ

እህት ዓለሜ፣

ይኸው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ቆጠርኩት። እናትሽ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ የላክሽልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። "ቆይቼ እደውላለሁ" ብዬ ነበር የመለስኩልሽ። አልደወልኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። እሳቸው እንዴት ናቸው? ስታገኚኝ መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ።

እውነቱን ልንገርሽና ዛሬ ናፍቆት ብቻ አይደለም ያስጻፈኝ። ጨንቆኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ካንቺ ሌላ የማዋየው ሰው የለኝም።

የቦርድ ጸሐፊ ሆኛለሁ፣ ከጀመርኩ አምስተኛ ወር ይዣለሁ። ኩባንያው ሁለት እናት ኩባንያዎች አሉት፣ ሃምሳ ሃምሳ የያዙት ባለቤቶቹ ማለት ነው፣ በሁለት የተለያዩ አገሮች የተመዘገቡ። እኛ ደግሞ በስድስት አገር እንሠራለን። የቦርድ ሰብሳቢውን በየሁለት ዓመቱ በተራ ይሾማሉ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ከአንደኛዋ ይመጣል፣ የፋይናንስ ኃላፊው ከሁለተኛዋ። እያንዳንዷ አራት አራት የቦርድ አባል አላት። ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" የሚባለውን በመመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ያነበብኩት ነው የመሰለኝ።

አሁን ግን... ከየት ልጀምርልሽ።

ባለፈው ስብሰባ አጀንዳ ሰባት የተሰብሳቢ ሂሳብ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልከፈለን አንድ ባለዕዳ አለ። ማን መሰለሽ? የአንደኛዋ እናት ሌላ ልጅ፣ እህት ኩባንያችን ማለት ነው። ገንዘቡ በመዝገባችን ላይ ዛሬም ሙሉ በሙሉ እንደሚሰበሰብ ተቀምጧል። ባይከፈል ተብሎ አምስት ሳንቲም መጠባበቂያ አልተያዘለትም። ታዲያ የሁለተኛዋ ሰዎች ለምን ዝም ይላሉ ትያለሽ። እኔም ገርሞኝ ነበር። አጀንዳ ስምንት ላይ ስንደርስ ገባኝ። እሱ በየዓመቱ ለሁለተኛዋ እናት የምንከፍለው የማኔጅመንት አገልግሎት ክፍያ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ ተራቸውን የአንደኛዋ ሰዎች ዝም አሉ። ሁለቱ አጀንዳዎች ተደምረው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጁ። ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ።

አንዲት የቦርድ አባል ብቻ እጇን አወጣች። ያውም በባለዕዳው ወገን የተወከለችው። "ይሄ ገንዘብ የሚመጣ ይመስላችኋል?" አለች። ቤቱ ጭጭ አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ከስብሰባ ውጭ እንነጋገርበታለን" አሉና አለፍን። ድምፅ እንኳን አልተሰጠበትም።

ጥያቄዋን እንደወረደ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት፣ ገጽ 14። ረቂቁ ለአስተያየት ሄዶ ተመለሰልኝ። የአንደኛዋ እርማት በሰማያዊ ነው፣ የሁለተኛዋ በአረንጓዴ። በሌላው ገጽ ሁሉ ስለ አንድ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ይጨቃጨቃሉ። ገጽ 14 ላይ ግን ሰማያዊውም አረንጓዴውም ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰርዘውታል። በቦታው "ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ተብሎ ገብቷል። እስከ ሐሙስ ፊርማዬን የሚጠብቀው ያ ገጽ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የመመረቂያ ጽሑፋችን ትዝ አለኝ። ያ የነዳጅ ኩባንያ፣ ሼል! "ስድሳ ለእኔ፣ አርባ ለአንቺ" እያልሽ ያገኘሽውን ሁሉ ስታካፍዪኝ፣ ስድሳው ሁልጊዜ ያንቺ ነበር። የሚጻፈው ምዕራፍ ላይ ሲሆን ግን ስድሳው ለእኔ ይዞራል። አልረሳሁልሽም፣ ትከፍዪኛለሽ።

ያኔ ለማርክ ነበር ያነበብነው። አሁን መለስ ብዬ ሳነበው ሆዴን ባር ባር አለው። ከ1907 ጀምሮ 60 በመቶው የኔዘርላንዱ ሮያል ደች፣ 40 በመቶው የእንግሊዙ ሼል ትራንስፖርት። ቦርዶቹ እንኳን ቅርጻቸው አይገናኝም፤ የኔዘርላንዱ ተቆጣጣሪና አስተዳዳሪ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ፣ የእንግሊዙ አንድ ወጥ። ለአንድ ቦርድ የሚጠየቅ አንድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የለም፤ ሥራውን የሚመራው ኮሚቴ ነው። ከዚያ በጃንዋሪ 2004 ተረጋግጧል ሲሉት ከነበረው የዘይትና የጋዝ ክምችት 20 በመቶው፣ 3.9 ቢሊዮን በርሜል፣ እንደዚያ ሊቆጠር አይገባውም ነበር አሉ። በማርች ሰብሳቢው ፊሊፕ ዋትስና የፍለጋና ምርት ኃላፊው ዋልተር ቫን ደ ፋይቨር ለቀቁ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ 120 ሚሊዮን ዶላር፣ የእንግሊዙ 17 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣቸው። ቫን ደ ፋይቨር እኮ ከዚያ በፊት፣ በኖቬምበር 2003፣ ስለ ክምችቱ መዋሸት እንዳንገሸገሸው ለዋትስ በኢሜይል ጽፎለት ነበር። የሚያውቁ ነበሩ ማለት ነው። በጽሑፍ ጭምር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። በየአገሩ ያለውን ያን ሁሉ የሼል ክምችት ኦዲት የሚያደርገው ማን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ጡረታ የወጣ አንድ የራሳቸው መሐንዲስ። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ እንኳን አይደለም፣ ረዳትም አልነበረው። ሁለት ትልልቅ እናቶች ከላይ ተቀምጠው መሬት ላይ ያለው አንድ ሰው! ያኔ ለአንድ መስመር የግርጌ ማስታወሻ ነበር ያበቃነው። አሁን ስለዚያ ሰው ሳስብ ነው የማመሸው።

"ዩኒሊቨርስ?" ልትዪኝ ነው፤ አውቅሻለሁ። ልክ ነሽ። ያ የሳሙናና የምግብ ኩባንያ፣ ዩኒሊቨርም፣ ሁለት እናት ይዞ ከ1930 እስከ 2020 ኖሯል። ግን ሁለቱም ቦርድ ላይ የሚቀመጡት እነዚያው ሰዎች ነበሩ። የሁለቱን ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ የሚያስተካክል ውልም ነበራቸው። እዚህ የሰማሁትን እዚያ አልሰማሁም የሚል ሰው የለም። ሼልም ቢሆን ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው በጁላይ 2005 ወደ አንድ ኩባንያና ወደ አንድ ቦርድ የመጣው። ስለዚህ ሁለት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ እዚህ ላይ ያኔም ተከራክረሽኝ ነበር፣ አሁን ተቀብዬሻለሁ። የእኛን ግን ልንገርሽ። ለሁለቱም የውስጥ ኦዲት ደወልኩ። አንደኛዋ "ፋይናንሱ የእነሱ ነው፣ እነሱ ያዩታል" አለችኝ። ሁለተኛዋ "ባለዕዳው የእነሱ ነው፣ እነሱ ይከታተሉታል" አለች። አየሽ፣ ሁለቱም ባላዎች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ነው የቆሙት። መሬት የነካ የለም።

ሌላ የምነግርሽ አለ፣ ለማንም ያልተናገርኩት። ሰኞ ማታ ልፈርም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ድምፅ የለኝም፣ ምን አገባኝ አልኩ። የቤት ብድሬም መጣብኝ። ከዚያ የዚያች ሴትዮ እጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እሷ ማንም ይሹማት ማን፣ ቃል ኪዳኗ ለተቀመጠችበት ኩባንያ ነው። ሕጉም በብዙ አገር የሚለው ይኼንኑ ነው። እሷ ያንን ስትፈጽም እኔ ደግሞ ጥያቄዋን ልፍቀው? ብቻዋን ልተዋት? እስክሪብቶውን መለስኩት።

አሁን ደብዳቤ አርቅቄያለሁ። አንድ ገጽ ናት። ለሁለቱም እናት ኩባንያዎች የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢዎች፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን፣ የሁለቱም ስም ከላይ ተጽፎ። አንዷ "ለሌላዋ ደርሷል" ብላ እንዳትተኛ። ቃለ ጉባኤውን የምፈርመው ጥያቄዋ ካለበት ብቻ ነው እላለሁ። ሰነዱን አልልክልሽም፣ የኩባንያው ነው፣ ልክ አይሆንም። ደብዳቤዬን ግን ስም ሳልጠራ በስልክ ላንብብልሽ። ኦዲት ቤት ያን ያህል ዓመት የሠራሽ ሰው ነሽ። የት ላይ እንደሚይዙኝ ታውቂያለሽ። ያንን ቀይ እስክሪብቶሽን ያዥልኝ።

ረቡዕ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ካልተመቸሽ ግን ግድ የለም... አይ፣ ግድ አለኝ። ደውዪልኝ። ደግሞ ከደብዳቤው በፊት የእናትሽን።

ያንቺው
አርባ