ለአቡሽ የመጀመሪያ ፍልሰታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? አቡሽስ? አባቱስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ጠንክሯል።

አቡሽ 7 ዓመት ሞልቶት «ፍልሰታን እጾማለሁ» አለ ስትዪኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! «እማዬ፣ ምን ላብላው?» ብለሽም ጠየቅሽኝ። በስልክ የማይሆን ነገር ስለሆነ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

እናንተ ጋ አሜሪካ የጾም ፒዛም የጾም በርገርም እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ሥራ ውለሽ ሲደክምሽ ስጪው፣ ምንም አይደለም። ግን ልጅ የጾም ትርጉም የሚገባው ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የሚያውቀው ጣዕሙን ነው። እኔ ፍልሰታን የወደድኩት በእናቴ ሱፍ ፍትፍትና በቡሄ ዳቦዋ ነው። አቡሽም እነዚህን ሁለቱን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል።

ደብረ ታቦር በነሐሴ ጭጋግ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ልክ ጭቃው የባሰ ጊዜ ላይ ይውላል። እኛ ልጆች ግን ከአጽዋማት ሁሉ የምንወደው እሱን ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ የትልልቅ ሰዎች ነው። ፍልሰታ የኛ ነው። ነጠላችንን ለብሰን በየቀኑ ቅዳሴ እንሄዳለን። ቆርበን፣ አፋችንን ሸፍነን ስንወጣ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ከዚያ ወደ ቤት ሩጫ ነው።

አያትሽ ሱፉን ቀድማ ሰፌድ ላይ ለቅማ፣ አበጥራ ታኖረዋለች። ስታጥበው ፍሬ የሌለው ይንሳፈፋል፤ እሱን ትደፋዋለች። ቀሪውን ትንሽ አፍልታ ታጠነፍፈውና ሙቀጫ ውስጥ ትወቅጠዋለች። የተወቀጠውን በቀዝቃዛ ውሃ እያሸች በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች። የሚወጣው ወተት ነው የሚመስለው። ታናሽ አጎትሽ አንድ ቀን «እማዬ፣ ይሄ አያስገድፍም?» ብሎ በጣም ተጨንቆ ጠይቋት ነበር። ከዚያ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ትጨምርና እንጀራ ትፈተፍትበታለች። ያ ቀዝቃዛ ነገር በባዶ ሆድ ሲገባ! ዛሬም ስጽፈው አፌ ውኃ ሞላ።

አንቺ ብሌንደር ስላለሽ ሙቀጫው ይቀርልሻል። ሁለት ብርጭቆ ሱፍ ለሦስታችሁ ይበቃል። ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ከአራት ብርጭቆ ውሃ ጋር ፍጪና አጥልይው። ጨርቁ ላይ የቀረውን እንዳትጥይው። ትንሽ ውሃ ጨምረሽ እንደገና እሽት አድርገሽ ጭመቂው፤ ገና ብዙ ይወጣዋል። ለአቡሽ ቃሪያውን ተይለት፣ ሽንኩርቱንም አሳንሽለት። እንጀራው ያደረ ቢሆን ይሻላል፣ ትኩሱ ቶሎ ይላሽቃል። ልትበሉ ስትሉ ብቻ ፈትፍቺው። ሱፉን ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ግዢ። እዚያ አገር ለወፍ መኖ የሚሸጥ ሱፍ አለ፣ እሱን እንዳታመጪ።

አሁን ዳቦው። ቡሄ ነሐሴ 13 ስለሆነ ጾሙ ውስጥ ነው። የቡሄ ዳቦ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አያውቅም። ጣዕሙ ከእርሾው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከኮባው ነው።

ዋዜማው ማታ አጎቶችሽ ችቦ ያበራሉ። ጅራፋቸውን ከገመዱ ሰንብተዋል፣ መንደሩ ሁሉ በጅራፍ ድምፅ ይናጋል። እኔ ሴት ስለሆንኩ ሆያ ሆዬ አልወጣም። ቅር ብሎኝ ግን አያውቅም፤ ዳቦው ያለው እኔ ጋ ነው። ሊጡ ሌሊት ኩፍ ሲል አያትሽ ኮባውን እሳት ላይ ለብ ለብ አድርጋ ታለሰልሰዋለች። ምጣዱ ላይ ትዘረጋውና ሊጡን ትገለብጥበታለች። በኮባ ትሸፍነውና በሌላ ምጣድ ትከድነዋለች። ከላይም ፍም ታደርጋለች፤ ከታችም ከላይም እሳት ማለት ነው። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ቤቱ በጭስ ይታፈናል። ትንሽ ቆይቶ ግን የኮባው ሽታ ጭሱን ያሸንፈዋል።

ከትልቁ ድፎ ሌላ ለወንዶች ልጆች ሙልሙል ትጋግራለች። ለየልጆቿ፣ ለክርስትና ልጇ፣ ለእረኛውም አንድ አንድ። እረኛው መጀመሪያ ይሰጠዋል። ጌታ በታቦር ተራራ ብርሃኑን ሲገልጥ እረኞቹ የመሸ አልመሰላቸውም፣ ቤተሰብ ዳቦ ይዞላቸው ሄደ ይባላል፤ በዓሉ የነሱ ነው ትል ነበር። አሁን ከተማ ውስጥ ለሆያ ሆዬ ልጆች ብር ይሰጣሉ። እኔ አይሆንልኝም። ዛሬም ደጄ ለሚመጡት ሙልሙል ነው የምሰጠው፣ ትኩሱን ሲቀበሉ ፊታቸው ሲፈካ አያለሁ።

አሠራሩ ይሄው። አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ትንሽ የተፈጨ ድንብላል፣ ትንሽ ዘይት። ለብ ባለ ውሃ እያሸሽ አቡኪው። እጅሽ ላይ እንዲጣበቅ አድርገሽ አለስልሽው፤ ደረቅ ሊጥ ድርቅ ያለ ዳቦ ነው የሚሆነው። ኮባ ስለማታገኚ የሙዝ ቅጠል ተጠቀሚ። የእስያ ሱቆች በረዶ አድርገው ይሸጡታል ብለውኛል። ምድጃው ላይ አለስልሺና ትሪው ላይ አንጥፊው፣ ኩፍ ያለውን ሊጥ ገልብጪበት፣ ከላይም አልብሽው። በ350 ፋራናይት ሃምሳ ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከሊጡ ትንሽ ቀንሰሽ ለአቡሽ ሙልሙል አድርጊለት፤ እሱ ቶሎ ስለሚበስል ቀድመሽ አውጪው።

አንድ ነገር አደራ። ሊጡን አቡሽ ያቡካው። አጎቶችሽ ማጀት ሳይገቡ አደጉ፣ ዛሬ የእናታቸው ዳቦ ሲያምራቸው እኔ ጋ ነው የሚደውሉት። እሱ እንደዚያ አይሁን። ዱቄት ቢያፈስም ዝም በይው።

ጥቁር አዝሙዱንና ድንብላሉን ለአክስትሽ ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ በሚመጣው ሳምንት ትበራለች። አዝሙዱን ለቅሜዋለሁ፣ እንዳለ ተጠቀሚበት። ድንብላሉ ግን አልተፈጨም፤ ትንሽ አመስ አድርገሽ ፍጪው። የነሐሴ 16ን የፍስክ ዶሮ ወጥ ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ