ወንጭፍህ እኔ ጋ ነው

አቤ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ?

የእማማ ለቅሶ ላይ አልነበርኩም። ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ከዚያ ወዲያ መደወሉ አቃተኝ። ቀኑ በረዘመ ቁጥር እፍረቱም አብሮ ረዘመ።

አሁን የምጽፍልህ ጭንቅ ይዞኝ ነው። ወንጭፍህ እኔ ጋ ነው። አዎ፣ ያ የወይራው፣ በመስተዋቱ ጦስ የተቀማኸው። እማማ ሳይታመሙ በፊት ከሳጥን አውጥተው «ስጥልኝ» ብለውኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ አልሰጠሁህም።

ላስቲኩ ደርቆ ተፈረካክሷል። ባላው ግን ደህና ነው። የተጎዳው እጀታው ጫፍ ላይ ያለው የማንጠልጠያው ቀዳዳ ነው። በጋለ ሚስማር የበሳኸው አንተ ነህ፤ አትካድ፣ ያኔም ጠማማ ነበር! ገመዱ ሲፍቀው ኖሮ አንድ ጎኑ ሰፍቷል። አዲስ ገመድ ባስርበት ሻካራው እንጨት ይበላዋል። ስለዚህ ውስጡን ቱቦ ላለብሰው ተነሳሁ።

ምናለሽ ተራ ወርጄ የፍሪጅ መዳብ ቱቦ ገዛሁ። ሩብ ኢንች ነው፣ የውጭ ስፋቱ 6.35 ሚሊ ሜትር። ቀዳዳውን በ6.5 ፑንታ አቃናሁት፤ ከሁለቱም ወገን እየበሳሁ መሃል ላይ አገናኘሁ፣ መውጫው እንዳይፈነቀል። የሰፋውን ጎን ኢፖክሲ ከሰጋቱራ ጋር ለውሼ እሞላዋለሁ። ቱቦውንም ማጣበቂያው እንዲይዘው በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩት።

ጭንቁ አፉ ላይ ነው። በሴጌቶ የተቆረጠ መዳብ አፉ ስለት ነው፤ ገመዱን ከእንጨቱ ብሶ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ወደ ውጭ መገልበጥ አለበት። የኩሽኔታ ብይ አፉ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። በትርፍራፊው ሞከርኩት። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን በእሳት አቅልቼ ውሃ ውስጥ ስነክረው ለሰለሰና እንደ አበባ ተከፈተ። ደስ ሲል!

ያንተው ላይ ግን እጄ ፈራ። ከቀዳዳው እስከ እጀታው ጫፍ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ከተሰነጠቀ ግን ርዝመቱን ይዞ ይሄዳል። የእማማን አደራ እኔ ልሰብረው? አፉን በሞረድ አለስልሼ ብቻ ልተወው ወይስ... እኔ እንጃ። ቶርኖ ቤት ያደገ እጅ ያንተ ነው።

እኛ ደህና ነን። የገብሱ ማሳ ቤት ሆኗል፣ ስትመጣ ታየዋለህ።

ቅዳሜ ትመጣለህ? ከገላን ኮተቤ ሩቅ አይደለም። ባትመጣም አልቀየምም፣ መብትህ ነው። ግን ና። ኢፖክሲውን አልለወስኩትም።