ለጉልበት ቁርጥማት፦ ዳገቱን በእግር፣ ቁልቁለቱን በባጃጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጉልበቱን ቁርጥማት የያዘው የደሴ ሰው ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ «አርፈህ ተቀመጥ» ሲለው ሌላው «ጠዋት ጠዋት በእግርህ ሂድ» ይለዋል። የመጀመሪያው አያዋጣም። እግር ካልሠራ የጭን ጡንቻ ይሰልላል፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ደግ ምክር ነበር፤ ችግሩ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው መንገድ ሜዳ አለመሆኑ ነው።

ቁልቁል ስንወርድ ሰውነታችን እንዳይንደረደር የጭን ጡንቻ ፍሬን ይይዛል። በዚህ ጊዜ የጉልበት ሎሚ ከኋላው ካለው አጥንት ጋር አጥብቆ ይጫናል። ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ጉልበትን ይበልጥ የሚያሳምመው ብዙውን ጊዜ ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለው በእግር ወጥተው ሲመለሱ ባጃጅ ቢይዙ ገንዘቡ አልባከነም። ዳገቱም የሚያም ከሆነ የሰፈር ኳስ ሜዳ መዞር ይሻላል። ሜዳ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ኮምቦልቾች በዚህ በኩል ታድለዋል።

ከጉዞው በፊት ግን ጡንቻው ይጠንክር። ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ እግር ይዘርጉ፤ ጣቶቹን ወደ ራስዎ ስበው 5 ሰከንድ ይያዙ፤ ከዚያ በቀስታ ይመልሱ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። ብዙ ሰው ሲመልስ እግሩን ይጥለዋል፤ ግማሹ ሥራ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ወንበሩን ግድግዳ አስጠግተው፣ እጅ ሳይደገፉ 5 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ፤ በሳምንታት ውስጥ 10 ያድርሱት። ጉልበቶችዎ ወደ ውስጥ እንዳይጋጠሙ ይጠንቀቁ። በርጩማ ላይ አይሞክሩት፤ ጉልበት ከመጠን በላይ ይታጠፋል። ወንበሩም ዝቅ ካለ ትራስ ይጨምሩበት።

በደሴ ብርድ ጠዋት ጉልበት ይደርቃል። ከአልጋ ሳይወርዱ ጥቂት ጊዜ ያጥፉት፣ ይዘርጉት።

ትንሽ ሕመም አያስደንግጥዎ። ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 4 የሚደርስ ሕመም ተሰምቶ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ካበጠ ወይም ከባሰ አያቁሙ፣ በግማሽ ይቀንሱ። ዲክሎፌናክ ውጦ ሕመሙን አደንዝዞ መንቀሳቀስ ግን መጥፎ ልማድ ነው፤ ጉልበቱ «በቃኝ» ሲል አይሰማም፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም የደም ግፊት ላለበት ደግሞ ኪኒኑ ራሱ አደገኛ ነው።

ከዘራ የሚያዘው ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ቁመቱም እጅ ሲንጠለጠል አንጓ ላይ ይድረስ። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ ትኩሳት ከመጣ ግን እንቅስቃሴው ይቅር፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች
ደሴ