ፍሬኑ ሲለቀቅ የሚጀምር ደመወዝ

ጅማ

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝምታዬ መብዛቱን አውቃለሁ፤ አፉ በለኝ። እዚህ ክረምቱ ገብቷል፣ ጂሬን ጭጋግ ለብሶ ነው የሚውለው። ልጅህ ለቅጥር የሚጠየቀውን 1,500 የበረራ ሰዓት ሞልታ እዚያው አሜሪካ ሪጅናል ከሚባሉት አነስተኛ አየር መንገዶች በአንዱ ለረዳት አብራሪነት መጠራቷን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። «በሰዓት 90 ዶላር ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች» ያልከውን ግን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም። ሳትፈርም በፊት ይህን አብራችሁ አንብቡት።

ሰውን የሚያሳስተው «በሰዓት» የሚለው ቃል ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሥራ ከገባችበት አይደለም። በሩ ተዘግቶ የአውሮፕላኑ የማቆሚያ ፍሬን ሲለቀቅ ይጀምራል፣ ደርሰው ቆመው ፍሬኑ ሲያዝ ያበቃል። ከዚያ በፊት የአየር ጠባዩን ማንበብ አለ፣ የነዳጅና የክብደት ስሌት አለ። ባትሪ ይዞ አውሮፕላኑን መዞርም አለ፦ ጎማው ተበልቶ እንደሆነ፣ ከሞተሩ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ቱቦ ሽፋን ተነስቶ እንደሆነ፣ ክንፉ ላይ በረዶ ጋግሮ እንደሆነ። በብዙዎቹ ውሎች ይህ ሁሉ አይከፈልበትም። ከሁሉም የሚያናድደኝ መዘግየቱ ነው። ጅማ ላይ ደመናው ሲወርድ የቦሌውን አውሮፕላን ቁጭ ብለን የምንጠብቀውን አስታውስ። በእንዲህ ዓይነቱ ውል የምትሠራ አብራሪ ፍሬኑ እስካልተለቀቀ ድረስ ሁለት ሰዓት ብትጠብቅም ለጥበቃው አምስት ሳንቲም አይታሰብላትም።

እስቲ እናስላው። ከቦሌ ጅማ የሚያህል፣ 50 ደቂቃ የሚፈጅ በረራ በቀን አራት ጊዜ ሠራች እንበል። የሚታሰብላት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ በ90 ሲባዛ 300 ዶላር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገብታ ከቀኑ 10 ሰዓት ከወጣች ግን 11 ሰዓት ሥራ ላይ ውላለች፣ ስለዚህ ለሰዓቱ የደረሳት 27 ዶላር ገደማ ነው። ውሉ ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልጉት እነሱ «ሪግ» የሚሉትን አንቀጽ ይሁን። ሥራ ላይ ለዋለችበት ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ቢያንስ የአንድ ሰዓት ክፍያ የሚል ካለ፣ ያው ቀን 5 ሰዓት ተኩል ይታሰባል፤ 495 ዶላር። በአንዲት መስመር 195 ዶላር ተጨመረ ማለት ነው።

ክፍያው ለምን ዝቅ ብሎ ኖረ ብትለኝ፣ እነዚህ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ቲኬት የሚሸጡት በራሳቸው ስም ስላልሆነ ነው። አውሮፕላኑ የትልቁን አየር መንገድ ቀለም ይቀባል፣ ዋጋውንና መርሐ ግብሩን ትልቁ ይወስናል፣ ለትንሹ ቁርጥ ክፍያ ይሰጠዋል። ለትንሹ የቀረው ወጪ መቀነስ ነው፣ ለመቀነስ የሚቀለው ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሌላው በርካሽ እሠራለሁ ካለ በረራው ወደዚያ ይዞራል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ከእነዚህ ትንንሾች ኮምኤር በ2012 ተዘጋ፤ ትራንስ ስቴትስና ኮምፓስ በ2020። ወደ ሌላ አየር መንገድ የሚገባ ካፒቴን ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው ከቅጥር ዝርዝሩ ግርጌ ይጀምራል፤ ፈረቃውም፣ የሚመደብበት ከተማም፣ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙም በዚያ ነው የሚወሰነው።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 ቡፋሎ አጠገብ የወደቀውን፣ ኮልጋን የተባለው የትንሽ አየር መንገድ በረራ 3407 ሰምተህ ይሆናል። መሬት ላይ የነበረውን አንድ ሰው ጨምሮ 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ዳሽ 8 ኪው400 ነበር፣ እኛ ዘንድ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ የሚያርፈው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዓይነት። ፍጥነቱ ወርዶ መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ካፒቴኑ ወደ ራሱ ሳበው፤ መርማሪዎቹ ምክንያት ያሉት ይህንን ነው። ደመወዝ ጣለው አላሉም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን ረዳት አብራሪዋ በዓመት 16 ሺህ ዶላር ገደማ ታገኝ ነበር። ቤቷ ሲያትል በኩል፣ የሥራ ጣቢያዋ ኒውዋርክ። ሌሊቱን አገር አቋርጣ መጥታ በሠራተኞች ክፍል ውስጥ አረፍ ብላ ነው ወደ ሥራ የገባችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የ1,500 ሰዓቱ ሕግ ከዚያ በኋላ፣ በ2013 ነው ሥራ ላይ የዋለው። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ሳይቋረጥ 8 ሰዓት የመተኛ ጊዜ ግድ ሆነ። ከቤት ወደ ሥራ ጣቢያ የሚደረገው ጉዞ ግን ከሥራ ሰዓት አይቆጠርም። ስለዚህ ልጅህ የምትመደብበትን ከተማ ጠይቁ። ከእናንተ ሩቅ ከሆነ አውሮፕላን ላይ ባዶ ወንበር እየጠበቀች መመላለስ፣ ወይም ተደራራቢ አልጋ በሞላበት የጋራ ቤት መከራየት ይመጣል፤ ያ ከደመወዟ ነው የሚቀነሰው።

በ2022 አብራሪ ሲጠፋ የአሜሪካን አየር መንገድ ሦስት እህት ድርጅቶች፣ ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ፣ የጀማሪውን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግን ከፊሉ የማብቂያ ቀን የተቆረጠለት ጭማሪ ነበር። የእሷስ 90 መደበኛ ነው ወይስ ጊዜያዊ? ይህ በጽሑፍ ይምጣላት። ወርኃዊ ዋስትናውም ይታይ፤ 75 ሰዓት የተለመደ ነው፣ በ90 ስታሰላው 6,750 ዶላር። በረራ ሲሰረዝ ይከፈላት እንደሆነ፣ ተጠባባቂ ስትሆን ተጠርታ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባት፣ ሥልጠናውን ጨርሳ ዓመት ሳይሞላት ብትለቅ የምትመልሰው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ትጠይቅ። የመጨረሻው ብዙ ልጆችን አስሮ ያስቀረ ነው።

የውሉን ገጾች ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ የክፍያውንና የሥልጠናውን አንቀጽ አስቀድማ። መልስ የምትሰጥበትንም ቀን ጻፍልኝ፤ ከዚያ በፊት አንብቤ እደውላለሁ። ለእናቷ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ